ሕመሙን የማይናገር ሕመምተኛ

በካርቱም ሐሩር ከግቢ ጥግ አንድ ወንድ ድመት ቁጢጥ ብሎ ሲያምጥ ያየ ሰው «የሆድ ድርቀት ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ዳሩ ግን የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ በመሆኑ በደቃቅ ጠጠርና በዝቃጭ ሊደፈን ይችላል። ያን ጊዜ ፖታሲየም በደሙ ይጠራቀምና በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ልቡን ያቆመዋል። መፍትሔው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ወስዶ ቧንቧውን ማስከፈት፣ ከዚያም ውኃና እርጥብ ምግብ ማብዛት ነው።

«ሰው በተቸገረበት ከተማ ስለ ድመት?» የሚል ይኖራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ያፈናቀለውን የካርቱም ነዋሪ፣ በመካከሉም ስደተኛ ወገናችንን ያሰበ ሰው እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በእርግጥ ሰው ይቀድማል። መቅደም ግን ሌላውን መርሳት አይደለም። የድመት ዘር ከበረሃ የመጣ ነው፤ ጥማትን ችሎ ውኃውን በአብዛኛው ካደነው ሥጋ ያገኝ ነበር። እኛ ከቤት አስገብተን ደረቅ ምግብ አስለመድነው፤ እጃችንን ጠባቂ ባደረግነው መጠን ባለዕዳዎቹ ሆንን።

የዚህ ዕዳ የመጀመሪያ ክፍያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሽንቱ መውጣቱን ልብ ብሎ ማየት ነው። ማየት ብቻውን አያድንም፤ ያላዩትን ግን ማዳን አይቻልም።