ለደከመ ሰው ምን ይባላል?

አማርኛ ስለ ድካም ሲያወራ ሰውየውን ከባለቤትነት ያወርደዋል። «ሮጥኩ» ስል የሮጥኩት እኔ ነኝ። «አቆምኩ» ስልም ያቆምኩት እኔው ነኝ። «ደከመኝ» ስል ግን የግሱ ባለቤት እኔ አይደለሁም፤ ስሙ ያልተጠራ አንድ «እሱ» አለ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። እንደ ራበኝ፣ እንደ ጠማኝ፣ እንደ በረደኝ ማለት ነው።

ይህ ነገር የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ድካም ይደርስብናል፤ ማቆምን ግን እናደርገዋለን። በሁለቱ መሀል ጠባብ ክፍተት አለች፤ ሰው ሰውን የሚወቅሰውም የሚያመሰግነውም እዚያች ላይ ነው። ደክሞት ያቆመን አንዱን «ምክንያት አለው» እንለዋለን፣ ሌላውን «ሰበብ ፈለገ»። ልዩነቱን የሚያውቀው ማነው?

ይህን ጥያቄ በደንብ ያሰብኩት ታላቁ ሩጫ ላይ ነው። ታላቁ ሩጫ በፈረንጆቹ 2001 ሲጀመር ተሳታፊው 10 ሺህ ሰው ነበር፤ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይወጣል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ዳገቷም አይጠገብም። ለብዙው ሰው ቀኑ ከሩጫ ይልቅ ጭፈራ ነው። እኔ ግን መሮጥ ነበር ያሰብኩት። የመጣሁት ደግሞ ከሪፖርት ማስረከቢያ ሳምንት ነው፤ ከወንበር ሳልነሳ፣ ሌሊቱን አራት ሰዓት ብቻ ተኝቼ።

ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ እንቢ አለ። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ያረፈ እግር ምን ሆኖ ነው የሚደክመው?

ለዚህ መልስ የሚሆን ሙከራ አለ። ሳሙኤሌ ማርኮራ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2009 ያሳተሙት ነው። 16 ሰዎች አንድ ቀን ለ90 ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ ትኩረት የሚጨርስ ሥራ ሠሩ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ለዚያኑ ያህል ጊዜ ተቀምጠው ዘጋቢ ፊልም አዩ። ከዚያ በሁለቱም ቀን አቅማቸው እስኪያልቅ ብስክሌት አስነዷቸው። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 754 ሰከንድ ቆዩ፤ አእምሯቸው በደከመበት ቀን 640። ልባቸውና ጡንቻቸው ሲለካ ልዩነቱን የሚያስረዳ ነገር አልተገኘም። የተለየው አንድ ነገር ነው፦ ያው ሥራ ከበዳቸው።

ስለዚህ «ድካምሽ እውነተኛ አይደለም፣ ጭንቅላትሽ ውስጥ ነው» የሚለው ምክር ብዙም አያስኬድም። ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገርም ይከብዳል።

በሌላ በኩል ደግሞ ድካም ሁሌም የመጨረሻው ቃል አይደለም። «አለቀልኝ» ይል የነበረ ሯጭ መጨረሻውን ሲያይ ይፈተለካል። ያ ጉልበት ከየት መጣ? ቲም ኖክስ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስት አንጎል አስቀድሞ ይቆጥባል የሚል ሐሳብ አለው፤ አካል እንዳይጎዳ የተወሰነውን አቅም ይይዛል፣ መጨረሻው ሲታወቅ ይለቃል። ሐሳቡ አሁንም ያከራክራል። ሩጫ ላይ የወጣ ሰው ግን ያንን የመጨረሻ ፍጥነት በዓይኑ አይቶታል።

እንግዲህ ድካም እውነት ነው፣ ግን ትእዛዝ አይደለም። ታዲያ መታገስ ነው ጀግንነቱ?

በ1968 ሜክሲኮ ላይ የተደረገውን ማራቶን አስቡ። አበበ ቢቂላ ሮምንና ቶኪዮን አሸንፎ ሦስተኛውን ፈልጎ የመጣበት ነው። እግሩን ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ማሞ ከገባ ከአንድ ሰዓት በኋላ የታንዛኒያው ጆን እስጢፋኖስ አክዋሪ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቶ፣ በፋሻ ታስሮ፣ እያነከሰ ስታዲየም ገባ። የመጨረሻው ሰው ነበር።

አክዋሪን ዓለም እስከዛሬ ያመሰግነዋል። አበበን ግን ማን ፈሪ አለው? ማንም። መጨረስ ብቻውን ጀግንነት ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ አንዱን መውቀስ ነበረብን። እንደ እኔ የምናከብረው ሌላ ነገር ነው፦ ሁለቱም የሚቀረውን መንገድ እያወቁ፣ የራሳቸውን አካል እየሰሙ፣ ራሳቸው ወሰኑ። «ደከመኝ» ያጠፋውን ባለቤትነት መልሰው ያዙት።

ወደ እኔዋ 10 ኪሎ ሜትር ልመለስ። ስድስተኛው ላይ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት አጥር ተደግፈው «አይዞሽ ልጄ፣ ደረስሽ! ደረስሽ!» አሉኝ። አራት ኪሎ ሜትር ይቀረኛል። ገጠር ሄዶ መንገድ የጠየቀ ሰው ይህን ደግነት ያውቀዋል፤ «እዚችው ናት» ብለውህ ግማሽ ቀን ትሄዳለህ። ጥቂት አለፍ ስል ውሃ የሚያድል ልጅ «አራት ይቀርሻል፣ ዳገቷ ግን አንድ ናት» አለኝ። ማን አበረታኝ ብትሉኝ፣ ልጁ። አቅሜን በአራት አካፍዬ ለዳገቷ አስቀመጥኩላት።

የእናትየውን «አይዞሽ» ግን አልጥለውም። «አይዞሽ» ብቻሽን አይደለሽም ማለት ነው። «ደረስሽ» ሌላ ነው፤ የቀረኝን መንገድ ከእኔ ይደብቃል፣ እንደ አበበ ወይ እንደ አክዋሪ የመወሰን ዕድሌን ይወስዳል። በፍቅር የተባለ ቢሆንም።

«ሕይወት ሩጫ ናት፣ በርቱ» የሚሉ አነቃቂ ንግግሮች የማይዋጡልኝም ለዚህ ነው። ሩጫ መጨረሻው አስቀድሞ የተነገረበት ድካም ነው። የመጨረሻው ፍጥነት የሚመጣው መጨረሻ ስላለ ነው። ብዙዎቻችንን ያደከመን ነገር ግን መስመር የለውም። «ይህ ፕሮጀክት እስኪያልቅ ታገሱ» ይባላል፣ ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ሌላ ይጀመራል፣ አሁንም «ደረሳችሁ»። እዚያ ላይ የሚደክም ወጣት ጽናት ጎደለው አይባልም። ስንት እንደቀረው ያልተነገረው ሯጭ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። እንጦጦ ጠዋት የሚሮጥ ሰው የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ያገኛል። መንገዱ አንድ ነው። እኔ ለድካሜ የመመዝገቢያ ከፍዬበታለሁ፤ እሳቸው በድካማቸው ዳቦ ይገዛሉ። ለእኔ ማቆም ምርጫ ነው። ለእሳቸው ማቆም ማለት ዛሬ ማታ ባዶ ምድጃ ነው። «ይበርቱ እማማ» ልል ስል አፌ ላይ ይያዛል፤ እሳቸው ከዚህ በላይ ወዴት ይበርቱ? ጽናታቸውን ማድነቅ ቀላል ነው፣ ምንም አያስከፍልም። ሸክሙ ግን እዚያው ነው።

ታዲያ ለደከመ ሰው ምን ይባላል? መንገዱን የምናውቅ ከሆነ ስንት እንደቀረው እንንገረው፤ ብዙ ቢሆንም። ሥራውን የምናዝ ከሆነ «በርታ» ከማለታችን በፊት መጨረሻውን እናስምርለት፣ ካሰመርን በኋላም አናንቀሳቅሰው። ማቆም ከፈለገ ሰበብ ነው ወይስ ምክንያት ብለን ለመዳኘት አንቸኩል፤ ከውስጡ የሚሰማውን የሚሰማው እሱ ነው።

መጨረሻውን ማንም የማያውቅበት ድካምም አለ። የታመመ ወላጅ የምታስታምም ልጅ «መቼ ያልቃል?» ብትለኝ ምን እላታለሁ? እዚያ ላይ ቁጥር የለኝም። «አላውቅም፤ ዛሬ ማታ እኔ ልደር፣ አንቺ ተኚ» እላት ይሆናል። ከአንድ ሺህ «በርቺ» ይሻላል።