የቤቱን ጠያቂ ዝም ማሰኘት ይገባልን?

ባለፈው ጥቅምት የቅኔ ጽሑፌን በኮምፒዩተር ለማስገልበጥ ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ ሄጄ በእኅቴ ልጅ ቤት ሰነበትሁ። እርሱም ሥራውን ሲዠምር፥ ቀድሞ መስኮቱ ድንገት ደብዘዝ እያለ «ይህ ፕሮግራም በኮምፒዩተርዎ ላይ ለውጥ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉን?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣበት እንደ ነበረ፥ ተሰላችቶም ጥያቄውን ከነጭራሹ እንደ ዘጋው እየሳቀ አጫወተኝ። «የኔታ፥ ኹልጊዜ እሺ የሚባል ከኾነ መጠየቁ ምን ይረባል?» አለኝ። ነገሩ ሌሊቱን ሲያብሰለስለኝ አደረ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ የመጣው ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ በጥር 1999 ዓ.ም. ዊንዶውስ ቪስታን ለሕዝብ ባወጣ ጊዜ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የቤት ኮምፒዩተር ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ ሥልጣን ይሠራ ስለ ነበረ፥ የከፈተው ፕሮግራም ኹሉ፥ ክፉውም ደጉም፥ የባለቤቱን ሥልጣን ወርሶ የመሣሪያውን መሠረት ሊነካ ይችል ነበር። ቪስታ ግን ባለቤቱን እንኳ እንደ ተራ ሰው አስቀምጦ፥ ሥልጣን ባስፈለገ ጊዜ ይጠይቀው ዠመረ። ጥያቄው እጅግ ቢበዛ ሰው አማረረ፤ ኩባንያውም በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ባወጣው ዊንዶውስ 7 ጥያቄውን ቀንሶ፥ መጠኑን በአራት ደረጃ ከፍና ዝቅ ማድረግን ለባለቤቱ ተወለት። በረኛ ጌታውን በወጣ በገባ ቍጥር «ማን ነህ?» ቢለው መሰልቸት አይቀርምና፥ ሠሪዎቹም ከነቀፋ ነጻ ናቸው አልልም።

የእኅቴ ልጅ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ሳያነብ እሺ የሚል ሰውና ጥያቄውን የዘጋ ሰው በመጨረሻው አንድ ናቸው፤ እንዲያውም የዘጋው ራሱን አላታለለም። ደግሞም ጥያቄው ኹሉን አይጠብቅም። በፍላሽ የገባ ክፉ ፕሮግራም የመሣሪያውን መሠረት ሳይነካ የባለቤቱን ጽሑፍ ብቻ ቢያጠፋ ወይም ቢደብቅ፥ ፈቃድ ላይጠይቅ ይችላል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ቅኔዬ በጠባቂው ብቻ የሚድን መስሎኝ ነበር።

ነገር ግን ያ ኮምፒዩተር የእርሱ ብቻ አይደለም። ሚስቱ የዕቁቧን ሒሳብ፥ ልጁ ትምህርቱን፥ እኔም የሠላሳ ዓመት ቅኔዬን አኑረንበታል። ልጁ ከባልንጀራው በፍላሽ ያመጣውን ጨዋታ ሲከፍት፥ ያንን ጨዋታ «ወዴት ነው?» የሚለው የለም፤ ልጁም ቆም ብሎ የሚያስብበት ቅጽበት አያገኝም። ሰው ገና ላልታወቀ ነገር የራሱን ፈቃድ አስቀድሞ ይሰጥ ይኾናል፤ የሌላውን ፈቃድ ግን በምን ሥልጣን ይሰጣል?

ይህን በማግሥቱ ብነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ቢጠየቅም ልጁ እሺ ማለቱን አይተውም» አለኝ። እኔም ከአንድ የኮምፒዩተር መምህር ጠይቄ የተረዳሁትን ነገርሁት፤ ይኸውም ለሚስቱና ለልጁ ሥልጣን የሌለው የየራሳቸውን መግቢያ ቢያበጅላቸው፥ ጥያቄው በመጣ ጊዜ እሺ ማለት ብቻ አይበቃም፤ የባለ ሥልጣኑን የይለፍ ቃል ይሻልና ልጁ አባቱን መጥራት ግድ ይኾንበታል። እርሱም እያጕረመረመ ጥያቄውን መልሶ ከፈተው፥ መግቢያውንም አበጀላቸው። ቅኔዬን ግን በወረቀትም ጭምር አስገልብጬ ተመለስሁ።

ከሳምንት በኋላ ስልክ ደውሎ፥ «ልጁ በቀን ሦስት ጊዜ እየጠራ ሥራ አስፈታኝ» ብሎ አማረረ። «ምን ልትከፍት ነው ብለህ ትጠይቀዋለህን?» አልሁት።

«አንዳንድ ጊዜ» አለኝ።