ለዓይንሽ መድኃኒት ስትመርጪ

ልጄ፣ ሐኪሙ «ሜቶትሬክሴት ይሻልሻል ወይስ ማይኮፊኖሌት?» ብሎሽ ግራ እንደገባሽ እናትሽ ነገረችኝ። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ ዓይንሽን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያስቆጣው ፕሬድኒሶሎን ፈጥኖ ያበርደዋል። ሲሰነብት ግን የዓይን ሞራ ያመጣል፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ፕሬድኒሶሎኑን ለመቀነስ ነው ከሁለቱ አንዱ የሚታዘዝልሽ።

የትኛው ይበረታል ላልሽው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። በሕንድ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በሜክሲኮ 216 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው ሁለቱን መድኃኒቶች አወዳደሩ። በ6 ወር ውስጥ ፕሬድኒሶሎኑ ተቀንሶላቸው ብግነቱ የበረደላቸው በሜቶትሬክሴት ከመቶ 67፣ በማይኮፊኖሌት 57 ያህል ሆኑ። ልዩነቱ አንዱን አሸናፊ የሚያሰኝ አልነበረም። እንግዲህ መድኃኒቱን ከኑሮሽ ጋር አዛምጂው።

ሜቶትሬክሴት ርካሽ ነው፤ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በጥናቱ 25 ሚሊግራም ነበር፤ ባለ 2.5ቱ ክኒን ከሆነ 10 ፍሬ ማለት ነው። የሳምንቱን በየቀኑ ውጠው የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ቀኑን ለይተሽ ካርድሽ ላይ ጻፊው። አብሮት የሚታዘዘውን ፎሊክ አሲድም አትዝለይ፤ ከጠላና ከአረቄም ራቂ። ማይኮፊኖሌት ደግሞ ጠዋትና ማታ ይዋጣል፤ ሆድ ሊያውክ ይችላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሐሳቡን የደበቀም ያው ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች ፅንስ ይጎዳሉ። ልጅ ካሰባችሁ ሳታፍሪ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ሐኪሙ እንደ አዛቲዮፕሪን ያለ ሌላ አማራጭ ሊያይልሽ ይችላል። እነዚህ ካልሠሩ አዳሊሙማብ የሚባል መርፌ አለ፤ ከመጀመሩ በፊት ግን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የግድ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ጉበትሽና የደም ሕዋስሽ በቀጠሮው ይታይ፤ «ደህና ነኝ» ብለሽ አትቅሪ። መድኃኒቶቹ ለመሥራት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ዓይንሽ ጠራ ብለሽ በገዛ እጅሽ አታቋርጪ። ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ዓይንሽ ዳግመኛ ከቀላ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።