ከድሉ ይልቅ ዜማው
(በቪዲዮ ጌም ውስጥ ውበትን ስለ መሻት)

«ጊዜህን በከንቱ አታባክን» የሚለው ተግሣጽ ከወላጆችም ከካህናትም አፍ የማይለይ ነው። በተለይ ልጆቻችን በቪዲዮ ጌም ፊት ተቀምጠው ሲውሉ ስናይ፣ ምን እንደሚያዩና ምን እንደሚሰሙ ሳንጠይቅ መፍረድ ይቀናናል። እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም የገዛ ፍርዳችን በገዛ ጆሮአችን ፊት መሻሩ ነው።

አንዲት የቁምስናችን እናት «አባ፣ ልጄን ይምከሩልኝ፤ ሌሊቱን ከኮምፒዩተሩ ጋር ነው የሚያድረው» ብለው ቢለምኑን ወደ ቤታቸው ሄድን። ወጣቱ ምክራችንን በትሕትና ካዳመጠ በኋላ፣ «አባ፣ እኔ የምከፍተው ለማሸነፍ አይደለም፤ ብዙ ቀንም ጨዋታውን ሳልጀምረው ነው የምዘጋው። ዜማውን ወድጄው ነው» አለን። እውነቱን ለመናገር፣ ሰበብ መሰለን። እርሱም ከፍቶ አሰማን። መዘምራኑ በስዋሂሊ ይዘምሩ ነበር። ለትምህርት በኬንያ በቆየንባቸው ዓመታት ከምእመናን ጋር በየዕለቱ የደገምነው ጸሎት ስለ ነበረ፣ ከመጀመሪያው ቃል አወቅነው፤ «አባታችን ሆይ» ነበር። ወጣቱ ለወራት ሲያደምጥ የኖረው፣ ጌታ ራሱ ያስተማረን ጸሎት መሆኑን አላወቀም ነበር።

ዜማው «ባባ ዬቱ» ይባላል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ክሪስቶፈር ቲን በ2005 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ሲቪላይዜሽን 4» ለተባለው ጌም የደረሰው ሲሆን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የግራሚ ሽልማትን ተቀብሏል፤ ለቪዲዮ ጌም ከተደረሱት ሙዚቃዎች ይህን ሽልማት በማግኘትም የመጀመሪያው ነው። ጨዋታው ሕዝብን ከጥንት ዘመን አንሥቶ መምራት፣ ከተማ መቈርቈር፣ ከጎረቤት መንግሥት ጋር መደራደርና መዋጋት ነው። ዜማው የሚሰማው ግን ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት፣ በመክፈቻው ገጽ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ነገር የተሠራበትን ዓላማ ትቶ በጌጡ ብቻ መደሰት ተገቢ ነውን? ወይስ ራስን ማታለል ነው? «ጠጅ ቤት የምሄደው ለማሲንቆው ነው» የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። ቃሉ የሚፈተነው ግን ጠጁ ባለቀበት ቀን ነው፤ አዝማሪው ብቻ ቢቀር ይሄዳልን?

ይህን የመሰለ ፈተና በጌሞች ዓለም በእርግጥ ተደርጓል። «አሳሲንስ ክሪድ» የተባሉት ጌሞች ነገራቸው ስውር ግድያ ነው። ሆኖም አዘጋጁ ዩቢሶፍት በ2018 እ.ኤ.አ. የጥንቷን ግብጽ ከሚያሳየው ጌም ውጊያውን በሙሉ አውጥቶ፣ ሰው በዓባይ ዳርና በፒራሚዶቹ መካከል እየተመላለሰ እንዲያይና እንዲማር ብቻ የተዘጋጀ ጉብኝት አቀረበ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጥንቷ ግሪክ እንዲሁ አደረገ። ጠጁ ተነሥቶ ማሲንቆው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ «ለውበቱ ነው የምገባው» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ 10ኛ ክፍል ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጭንቀቱን ይገልጻል። በእምነቱ መጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ያፈሰሰውን እንባ እያስታወሰ ዝማሬን ያመሰግናል፤ ነገር ግን ከሚዜመው ቃል ይልቅ ዜማው ልቡን የነካው እንደ ሆነ እንደ በደል ይቈጥረዋል። ለእርሱ ቃሉ ጌታ፣ ዜማውም አገልጋይ ነው። ይህ ሥርዓት እውነት ነው። በጌሙ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጌታ የተባለው ድል ሲዘጉት የሚጠፋ ሲሆን፣ አገልጋይ የተባለው ዜማ ግን እውነተኛ የሰው ልጅ ጥበብ ነው። ስለሆነም ድሉን ትቶ ዜማውን የመረጠ ሰው ሥርዓትን አላፈረሰም፤ ከሁለቱ የሚሻለውን መረጠ እንጂ።

ከዚህም በላይ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ጥበብን ማሰላሰል ከጨዋታ ጋር እንደሚመሳሰል በሁለት ምክንያት ያስረዳል፤ ሁለቱም ደስ ያሰኛሉና፣ ሁለቱም ስለ ራሳቸው እንጂ ስለ ሌላ ጥቅም አይፈለጉምና። ለማሸነፍ የሚሮጥ ተጫዋች ዛፉን እንደ መሸሸጊያ፣ ተራራውንም እንደ ምሽግ ብቻ ያየዋል። ቆም ብሎ የሚመለከት ግን ዛፉን ስለ ዛፍነቱ ያየዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁሉን ነገር «ለምን ይጠቅመኛል?» ብሎ የሚያይ ዓይን፣ ውሎ አድሮ ሰውንም በዚያው ሚዛን ይመዝናልና። ጥቅም ሳይሹ መመልከትን የለመደ ዓይን ግን ለጸሎት ቅርብ ነው።

ይሁን እንጂ ምስጋናችን ልክ አለው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ «አሳሲንስ ክሪድ» አንዱ ክፍል የፓሪስን የኖትር ዳም ካቴድራል በሚያስደንቅ ጥበብ ይዞ ነበር። ሚያዝያ ወር 2019 እ.ኤ.አ. ካቴድራሉ ሲቃጠል አዘጋጁ ጌሙን ለአንድ ሳምንት ያህል በነጻ ሰጠ፤ ሰዎችም በምስሉ ውስጥ እየተመላለሱ የቀድሞ ውበቱን ማየት ቻሉ። መልካም ነገር ነበር። ነገር ግን በዚያ ምስል ውስጥ መሥዋዕተ ቅዳሴ አይቀርብም፤ አጠገባችን ተንበርክኮ የሚያለቅስ፣ በደጃፉም እጁን የሚዘረጋልን ወንድም የለም። የምስል ውበት ይሰጠናል እንጂ አይጠይቀንም። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

ይህን አደጋ ከአበው ትውፊት በተሻለ የሚያስረዳን አላገኘንም። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለ፤ ሁለቱም ዜማው እስኪፈጸም አላወቁም ይባላል። ይህን ታሪክ ስለ ዜማው ታላቅነት ሁልጊዜ እንናገረዋለን። በታሪኩ ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ተመስጦ የገዛ ቁስሉን ረሳ፤ ሌላው ተመስጦ ሌላውን አቈሰለ። ውበት ራሳችንን ሲያስረሳን መልካም ነው፤ ጦራችን በማን እግር ላይ እንደ ቆመ ሲያስረሳን ግን ያስጠይቀናል። ደግሞም ያሬድ በዜማው ውስጥ ተዘግቶ አልቀረም፤ ንጉሡ የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅድለት፣ ለምናኔ እንዲያሰናብተው ለመነ። እውነተኛ ውበት ወደ ፊት ይልካል።

ቅዱስ ቶማስም ስለ ጨዋታ ሲያስተምር፣ ከነውርና ከጉዳት የራቀ፣ ነፍስን ከሚዛንዋ የማያወጣ፣ ለሰውየው፣ ለጊዜውና ለቦታው የሚስማማ እንዲሆን ያዝዛል። ለዚያ ወጣት የነገርነውም ይህንኑ ነበር፦ «ዜማው መልካም ነው፤ ምርጫህም መልካም ነው። ነገር ግን አንተ ስታዳምጥ እናትህ በሚቀጥለው ክፍል እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ። የጦሩ ጫፍ ያለው እዚያ ነው።» ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ጌሙን ይተው አይተው አልጠየቅነውም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን እናቲቱ ከቅዳሴ ስንወጣ አግኝተውን፣ ልጃቸው አንድ ማታ ጠርቶ ከጎኑ እንዳስቀመጣቸውና ዜማውን እንዳሰማቸው ነገሩን። ስዋሂሊ አያውቁም፤ «አሚና» የሚለውን ሲሰሙ ግን አማተቡ። ልጁም «እማዬ፣ እንዴት አወቅሽው?» አላቸው።

ውድ ምእመናን፣ ልጆቻችን በማናውቀው በር ሲገቡ ከደጅ ቆመን ከመገሠጻችን በፊት ገብተን እናዳምጥ። ምናልባት በዚያ እኛ የምናውቀውና እነርሱ ገና ያልለዩት ድምፅ ይኖር ይሆናል። የውበት ሁሉ ምንጭ የሆነ አምላክ የሚያይ ዓይን፣ የሚሰማ ጆሮ፣ ለባልንጀራውም ቁስል የሚነቃ ልብ ይስጠን። አሜን።