ያልለኩትን ማመን

እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ድርጅት አንድ ደርዘን ሽርጥ ለሚገዛ ደንበኛ 116 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ይመርቅ ጀመር። ያቺ ምርቃት ከጊዜ በኋላ ከሁለት ሺህ ገጽ በላይ የሆነችው የኬሚስትሪና የፊዚክስ ማጣቀሻ ናት። የብረት መቅለጫ፣ የአልኮል መፍያ፣ ጨው በውሃ የሚሟሟበት መጠን ሁሉ በሠንጠረዥ ተደርድሮባታል። ኬሚስቱ ገልጦ ቁጥሩን ይወስድና ስሌቱን ይቀጥላል። ራሱ አልለካውም፤ የለካውንም ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም።

ታዲያ ይህ እውቀት ነው ወይስ እምነት?

እ.ኤ.አ. በ1660 የተመሠረተው የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲ መሪ ቃል የማንንም ቃል በደፈናው አለመቀበልን ያስተምራል። ይህን ቃል በቃል ልፈጽም የሚል ሳይንቲስት ግን ዕድሜ ልኩን ሲለካ ይኖራል እንጂ አንድም አዲስ ነገር አይሠራም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት የስኮትላንድ ፈላስፎች በዚሁ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀርተዋል። ዴቪድ ሂዩም ምስክርን የምናምነው እውነት ሲናገር በልምድ ስላየን ነው አለ። ቄስም ፈላስፋም የነበረው ቶማስ ሪድ በበኩሉ፣ ሌላውን ማመን ፈጣሪ በተፈጥሯችን ያኖረው ዝንባሌ ነው፤ ያለዚያ ሕፃን ምንም ሊማር አይችልም ሲል ሞገተ።

የሮበርት ሚሊካን ታሪክ ይህን ክርክር ወደ ቤተ ሙከራ ያስገባዋል። አሜሪካዊው ፊዚሲስት በአየር ላይ የሚንሳፈፉ የዘይት ጠብታዎችን በማጉያ መነጽር እየተከታተለ የኤሌክትሮንን ቻርጅ ለካ፤ እ.ኤ.አ. በ1923ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። ቁጥሩ በየማጣቀሻው ገብቶ ለዓመታት ተሠራበት። በ1930ዎቹ ግን በኤክስሬይ ከተገኘው ልክ ጋር አልገጥም አለ። ሲጣራ የሚሊካን ቁጥር 0.6 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ጥፋቱ የተገኘው በጠብታዎቹ ላይ ሳይሆን ለስሌቱ በተጠቀመበት የአየር ዝልግልግነት ልክ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ስህተቱ የታረመው ሰዎች እርስ በርስ መተማመን ስላቆሙ አለመሆኑ ነው። የታረመው በሌላ መንገድ የሄዱ ተመራማሪዎች ውጤታቸውን ከሚሊካን ቁጥር ጎን ስላስቀመጡ ነው። ለማነጻጸርም ቢሆን አስቀድሞ የሌላውን ቃል በቁም ነገር መቀበል ያስፈልጋል። ሪድ ስለ መነሻው፣ ሂዩም ስለ ማጣራቱ ትክክል ነበሩ።

የዛሬዎቹ ማጣቀሻዎች ማመንና ማጣራት አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገው ዓለም አቀፍ ማስተካከያ የስበት ቋሚ ቁጥር አሃዞች እንዲህ ተጽፈዋል፦ 6.67430(15)። በቅንፍ ውስጥ ያለው 15 የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ምን ያህል እንደሚያጠራጥሩ የሚናገር ነው። የእርግጠኝነቱን ወሰን ራሱ የሚገልጽ ምስክር ሊታመን ይገባዋል፤ እንዲህ ያለውን ማመንም ጭፍንነት አይደለም።

ስለዚህ ማጣቀሻ የሚገልጥ ተማሪ ቁጥሩን ሲቀዳ ቅንፉን አይዝለለው። መምህራንም ቁጥሩ ከየት እንደመጣና ማን እንደለካው ከስሌቱ እኩል ይጠይቁት።