የጠፋ ሰው ተዝካር

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተመው፣ የአማርኛ ልቦለድ በኵር ሆኖ የሚቈጠረው መጽሐፍ፣ የጠፋ ሰው ታሪክ ነው፤ አባትና የወንድ ልብስ የለበሰች ልጁ ጦቢያ የጠፋውን ወንድሟን ዋህድን ፍለጋ አገር ላገር ይንከራተታሉ። ከዚያ ወዲህ የተጻፉት ልብ አንጠልጣይ ልቦለዶችም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሰው ይጠፋል፣ የተቀበረ ይወጣል፣ አንባቢውም ምሥጢሩ ሲገለጥለት መጽሐፉን ከድኖ ይተኛል። ፍጻሜውን የሚነግር ደራሲ በሌለበት፣ ሰው በእውነት በጠፋበት አገር ግን፣ የሃይማኖት ሰው ይፈልግ ወይስ ይርሳ? በአሶሳና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር ይህ ጥያቄ የኅሊና ዕዳ ነው።

ለሞተ ሰው የሚደረግ ኀዘን ልክ አለው። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አድርሳ፣ ከሠልስት እስከ አርባ፣ ከአርባ እስከ ሙት ዓመት ኀዘንተኛውን በየደረጃው እየደገፈች ከልቅሶ ወደ ተስፋ ታሻግረዋለች፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚቈጠረው ነፍስ ከሥጋ ከተለየችበት ዕለት ጀምሮ ነውና፣ ዕለቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ አርባው ከየት ይነሣል? በእስልምና የማሊኪ መዝሀብ የሕግ ሊቃውንትም ባሏ ጠፍቶ ወሬው የተቋረጠባት ሴት አራት ዓመት ጠብቃ፣ ከዚያ በኋላ ባል እንደ ሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ ዳግመኛ ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀውን ጊዜ፣ ትቍጠር ብለው መፍረዳቸው፣ ሚስትን ከማያልቅ ጥበቃ ያወጣ ርኅራኄ ነው። እናት ግን ለጠፋ ልጇ የምትቈጥረው ዒዳ የላትም።

በ1977 ዓ.ም. በረኃቡ ዘመን መንግሥት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ ያን ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው አሶሳ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ የመጣውን ሠፋሪ ተቀበለች፤ በመተከልም ፓዌ ተመሠረተች። በጥድፊያው መካከል ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ የተለየበት ቤት ብዙ ነው። የፓዌ መንደሮች በቍጥር የሚጠሩ ስለ ነበሩ፣ ወንድሙን ፍለጋ ከወሎ የሚመጣ ሰው የአባቱን ስምና ያደገበትን ደብር ታቦት ጠርቶ ቢጠይቅ አይበቃውም ነበር፤ ወንድሙ የመንደር ሰባት ይሁን የመንደር ዐሥራ ሁለት ሰው ማወቅ ነበረበት።

ሠፋሪው ያረፈበት ምድር ደግሞ ራሱ የጠፉ ልጆች ነበሩት። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤኒሻንጉልን ካስገበሩ በኋላ ከዚያ አገር የሚወጣው ግብር ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰው ነበር፤ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ባሪያ ከሚፈነግሉት ኃያላን አንዱ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሲት አምናም ወደ ሱዳን በሚሻገረው የሰው ንግድ ስማቸው የታወቀ ነው። በዚያ ዘመን ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ ጎጆ የተወሰደው ሕፃን በሰው አገር ሌላ ስም ወጥቶለት፣ የእናቱን ቋንቋ ረስቶ አደገ። በ1916 ዓ.ም. ስለ ባርነት ሕግ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ ተሻረ፤ አዋጁ ግን ነፃነቱን እንጂ ወገኑን አልመለሰለትም። ሰው በባሕርዩ ነፃ እንደ ሆነ፣ ባርነትንም ያመጣው ጦርነት እንደ ሆነ የሚናገረውን ፍትሐ ነገሥት በእጃችን ይዘን ሰው የገዛንና የሸጥን እኛ ክርስቲያኖች፣ በዚህ ነገር ዝም ለማለት መብት ያለን አይመስለኝም።

ያለፈውን መቈፈር ቂም ይቀሰቅሳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ደም በፈሰሰበት በዚያ አገር ይህን የሚሉት ሰላምን ከመውደድ የተነሣ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ኦሪትም ቍርኣንም የሚተርኩትን የዮሴፍን ነገር ያስቡት። ወንድሞቹ በደም የተነከረውን ልብሱን ለአባታቸው አቀረቡ፤ ያዕቆብ ግን በኦሪት እንደ ተነገረው መጽናናትን እንቢ አለ፤ በቍርኣንም ዓይኑ በኀዘን ከነጣ በኋላ እንኳ ልጆቹን ሂዱና ፈልጉ፣ ከአምላክም ምሕረት ተስፋ አትቍረጡ ብሎ አዘዘ። ዮሴፍም ይቅር አለ፤ ይሁን እንጂ ወንድሞቹን ያቀፈው ማንነቱን ገልጦ፣ እነርሱ እንደ ሸጡት በአፉ ከተናገረ በኋላ ነው። እንግዲህ ይቅር ለማለት ሥልጣን ያለው የተሸጠው እንጂ ሻጩ አይደለም፤ ጎረቤትም አይደለም። በሌላው ሰው ስም ርሱ ማለት ያንኑ ደም የነካውን ልብስ መልሶ ለያዕቆብ መዘርጋት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተነሣው የሱዳን ጦርነት ደግሞ በኩርሙክ ድንበር በኩል ሌሎች ቤተ ዘመድ የተበተነባቸውን ሰዎች አምጥቷል፤ ለእነዚህስ ቢያንስ የቤተ ሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት፣ ሳይታሸግ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው የቀይ መስቀል መልእክት አለላቸው። በ1977 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ሠፋሪ ግን ዛሬ ሰባውን አልፏል። የየአጥቢያው ካህንና የየመስጊዱ ኢማም የሽማግሌዎቻቸውን የትውልድ ቀበሌ፣ የተለዩአቸውን ዘመዶች ስም፣ የተለያዩበትንም ወርና ስፍራ ዘንድሮ ይጻፉ፤ የበርታና የጉሙዝ ሽማግሌዎችም ከማን ቤት ማን እንደ ተወሰደ ከአባቶቻቸው የሰሙትን በዚያው መዝገብ ያስጽፉ፤ የተጻፈውም ወደ ወሎና ወደ ትግራይ አድባራት፣ ወደ ሱዳንም ድንበር ይላክ።