ከወንበሩ ጀርባ ያለው ድርድር

ልጄ፣ ዲፕሎማት ለመሆን ማሰብህን ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። የጠየቅኸኝ ግን ስለ ቋንቋ፣ ስለ ንግግር ችሎታና ስለ ፕሮቶኮል ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ሞልቶ የተረፈውን የኢራኑን መሐመድ ጃቫድ ዛሪፍን አጥናው።

እ.ኤ.አ. በ1960 ቴህራን ተወለደ፤ ገና በጉርምስናው ለትምህርት አሜሪካ ገባ። ዶክትሬቱን በ1988 ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ያጠናው ራስን የመከላከል መብት በዓለም አቀፍ ሕግ ያለውን ቦታ ነው። አገሩ ከኢራቅ ጋር ስምንት ዓመት ስትዋጋ ስለነበር ጉዳዩ ለእሱ የመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

በታኅሣሥ 2001 ቦን ላይ የሆነውን ልንገርህ። አፍጋኒስታን ከታሊባን በኋላ ማን ይምራት ተብሎ ድርድሩ በመጨረሻው ሌሊት ተጣበቀ። ታሊባንን ይወጋ የነበረው የሰሜን ኅብረት ተወካይ ዩኑስ ቃኑኒ ከያዛቸው ሚኒስቴሮች አንዱንም አልለቅም አለ፤ ብዙዎች ለመኑት፣ አልሰማም። የአሜሪካው ልዑክ ጀምስ ዶቢንስ በኋላ እንደተረከው፣ የኢራን ተደራዳሪ የነበረው ዛሪፍ ሰውየውን ወደ ጥግ ወስዶ ለጥቂት ጊዜ በጆሮው አንሾካሾከለት። ቃኑኒም ተመልሶ ሁለት ሚኒስቴር ለቀቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ፕሬዚዳንት ቡሽ ኢራንን «የክፋት ዛቢያ» ውስጥ ደመራት። ቴህራን ውስጥ አሜሪካንን ማመን ጉም መዝገን ነው ሲሉ ለነበሩት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማን ይሰጣቸዋል?

በ2013 ዛሪፍ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ያን ጥቅምት፣ ራሱ በፌስቡክ እንደጻፈው፣ አንድ የአገሩ ጋዜጣ ስለ እሱ ያወጣውን ርዕስ አንብቦ ወገቡ ያዘው። ጄኔቫ ለኑክሌር ድርድር የሄደውም በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ይህችን ነገር ቆም ብለህ አስባት። ወገቡን የያዘው የባዕድ ዛቻ ሳይሆን የአገሩ ጋዜጣ ነው። እኔም ሽምግልና በተቀመጥኩባቸው ቀናት ያየሁት ይህንኑ ነው፤ ተጣይ ፊት ለፊት ከሚናገረው ይልቅ ማታ የገዛ ወገኑ የሚለው ዕርቁን ያፈርሰዋል።

ሐምሌ 14 ቀን 2015 ቪየና ላይ የኑክሌር ስምምነቱ ተደረሰ። ኢራን ዩራኒየም የምታበለጽገው ከ3.67 በመቶ እንዳያልፍ፣ ክምችቷም ከ300 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ለ15 ዓመት ተወሰነ። በግንቦት 2018 ትራምፕ አሜሪካን ከስምምነቱ አስወጣ፤ በዓመቱ ደግሞ ዛሪፍ ራሱ ማዕቀብ ተጣለበት። ያን ዓመት በየካቲት የሶርያው አሳድ ቴህራን ደርሶ ሲመለስ እሱ አልተጠራም ነበርና ሥራውን እለቃለሁ አለ፤ መልቀቂያውን ግን ፕሬዚዳንቱ አልተቀበሉትም። በ2021 ሾልኮ በወጣው ድምፁም ዲፕሎማሲው ለጦሩ ሜዳ መሥዋዕት ይሆን እንደነበር ሲያማርር ተሰማ።

እዚህ ላይ አዘንኩለት፤ ግን አላለፍኩትም። በ2015 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርቦ ኢራን ሰውን በአስተሳሰቡ አታስርም ብሏል። በዚያው ሰዓት ጋዜጠኞች እስር ቤት ነበሩ። በጥር 2020 የዩክሬን አውሮፕላን ተመትቶ 176 ሰው ሲያልቅ መንግሥቱ መምታቱን ሦስት ቀን ካደ። በአብዛኛው የአገሩ ሰዎች ነበሩ የሞቱት፤ የሟች ቤተሰብ ደግሞ ሚኒስትሩ ይወቅ አይወቅ አይለይለትም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሹመት ስትቀበል ስለ ደመወዙና ስለ ምደባው ከመጠየቅህ በፊት፣ እውነቱን የሚነግርህ ማን እንደሆነ ጠይቅ። የማታውቀውን እንድታስተባብል ስትታዘዝ ምን እንደምትመልስም ዛሬ፣ ገና ምንም ሳትይዝ፣ ለራስህ ጻፈው። በሚመጣው ቅዳሜ የቪየናውን ሰነድ ይዘህልኝ ና፤ ከነአባሪዎቹ ከ150 ገጽ በላይ ነው፣ ከመጀመሪያው ገጽ አብረን እንጀምራለን።